አንድ ቃል ለሁለት መሻገሪያ

ከሚሴ ያደገ ሰው "አስፋልት ላቋርጥ" አይልም፤ "ልሻገር" ነው የሚለው። የሚሻገርበትን ቦታ ደግሞ መልካ ይለዋል። መልካ በኦሮምኛ ወንዝ በእግር የሚታለፍበት፣ ውሃው ሳሳ የሚልበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወጣው አስፋልት ከተማችንን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የእኛ ሰፈር ከመንገዱ በታች ነው፣ ገበያው ከመንገዱ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ቃሉን ከወንዙ አንስቶ አስፋልቱ ላይ አኖረው። ከባድ መኪና ሲበዛ "ዛሬ መልካው ሞልቷል" ይባላል። ጭር ሲል "ጎድሏል፣ ግቡ" ይባላል። እንግዳ ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል። እኛ ግን ስንለው አንስቅም ነበር።

አሻጋገሩም የወንዝ ነበር። ብቻውን የሚገባ የለም። አምስት ስድስት ሰው እስኪሞላ ከዳር ይጠበቃል። ከዚያ ጠና ያለው ሰው በደሴ በኩል ይቆማል፤ መኪናው ቁልቁል እየተንደረደረ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ወንዝም ሲሻገሩ ጉልበተኛው ውሃው በሚመጣበት ወገን ነው የሚቆመው። ደካማው መሃል ይገባል። አንዱ "ኮታ፣ ማሎ ኮታ!" ይላል፣ ኑ፣ እባካችሁ ኑ ማለት ነው፤ ሁሉም ባንድ ይሻገራል። ቀለም አልተቀባበትም፣ ምልክት አልተተከለበትም፣ ትራፊክ ፖሊስም አይቆምበትም። ያም ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ የሚደርስበት ሰው ብዙ ነበር።

ያን መልካ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በአንድ የአማርኛ ቃልና በራሴ ኩራት ነው።

የዚያ መልካ ባለቤት ማን ናት ብባል እህቴን ነው የምጠራው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ለሰው ያበቃችኝ እሷ ናት። ግራ እግሯ በልጅነቷ በያዛት በሽታ ቀጥኖ ቀርቷል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አላገባችም። "እኔን የሚፈልግ አንድ እግር ጨምሮ ይምጣ" እያለች ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ረጅም አልነበረም። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትቸረችራለች። "ከምትሸጪው የምታወሪው ይበልጣል" እያልኩ አበሽቃታለሁ። እውነትም ይበልጥ ነበር። ባቲ ገበያ ውሎ የመጣ ነጋዴ የግመሉን ዋጋ ነግሯት ያልፋል፤ ከጨፋ ሮቢት ማሽላ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሚስቱ በሰላም መገላገሏን ነግሯት ያልፋል፤ የተኳረፉ ሴቶች እሷ ዘንድ ተቀምጠው ይታረቃሉ። ሰፈር ውስጥ ማነከሷን የማያይ አልነበረም። ጉልቷ ላይ ስትቀመጥ ግን ቀሚሷ እግሯን ይሸፍነዋል፣ ሰዉም አፏን ነው የሚያየው።

ከደጃፏ መልካው መቶ እርምጃ አይሞላም። ከመልካው ጉልቷ ደግሞ ትንሽ ይበልጣል። ለደህና ሰው አምስት ደቂቃ ነው፣ ለእሷ ሃያ። መልካው ላይ ስትደርስ የሚጠብቋት ነበሩ፤ መሃል ያስገቧታል። "እኔ ከሌለሁ የዛሬው መሻገር አይሰምርም" ትላቸዋለች።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ማንም ገብቶ የሚጨምርበት፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት ካርታ እንዳለ የሰማሁት ለሥልጠና ደሴ በሄድኩ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ካርታውን ከፍቶ "የየራሳችሁን ከተማ ፈልጉ" አለን። ከሚሴን ፈለግኩ። አንድ ቀጭን መስመር አገኘሁ፣ እሱ አስፋልቱ ነው፤ አጠገቡ የከተማዋ ስም ተጽፏል፤ የቀረው ባዶ ነጭ ነው። ሰው ያልተፈጠረባት አገር! ደሜ ፈላ። እኔ ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ያስተማርኳቸው ይመሰክራሉ። አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ "ይሄ ካርታ ውሸታም ነው!" ብዬ ተነሳሁ። አሠልጣኙም ረጋ ብሎ "እንግዲያው እውነቱን አስገባበት" አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ስልኬን ይዤ በእግሬ ዞርኩ። በአጥርና በአጥር መካከል የሚሾልከውን፣ ከመስጊዱ ጀርባ ወደ ወንዝ የሚወርደውን፣ ከብት የሚነዳበትን፣ ውሃ የሚቀዳበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ አስገባሁ። ካርታ ላይ መንገድ ሲባል የመኪና ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ መኪና ያለው ይመስል። እኛ አገር መኪና ያለው በጣት ይቆጠራል፣ እግር ግን ሁሉም አለው። ሰዎች አጥር ሥር ጎንበስ ብዬ ሲያዩኝ "መምህር፣ ምን ጠፍቶህ ነው?" ይሉኛል። "መንገድ እየጻፍኩ ነው" እላቸዋለሁ። "መንገድ ይኬዳል እንጂ ይጻፋል እንዴ!" ብለው ይስቁብኛል። አሁን ሳስበው እነሱ ነበሩ ትክክል።

የሰፈራችንን የእግር መንገድ ያስገባሁ ዕለት ለእህቴ አሳየኋት።

"ተመልከቺ እትዬ፣ ይቺ ነጠብጣብ ካንቺ ደጃፍ ተነስታ መልካው ላይ ትደርሳለች።"

"እኔስ የታለሁ?"

"አንቺ አትታዪም፤ መንገድሽ ነው።"

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ መልሳ አራቀችው። "ወላሂ ሸጋ ነው" አለች። "ፈረንጁ ሁሉ እኔ በየት ወጥቼ በየት እንደምገባ ሊያውቅ ነው በለኛ!" በማግስቱ ገበያው በሙሉ ሰምቶት ነበር። ለመጣው ለሄደው "ወንድሜ ካርታ ላይ አድርጎኛል" ትላለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያሳደገችኝን ሰው ያኮራሁባት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ብቻዬን አልችል ስል ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን አስጀመርኳቸው። ችግሩ የስልኩ መተግበሪያ ምርጫዎቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነበር። ለዚያም መላ ነበረው፤ ማንም ፈቃደኛ ወደ ቋንቋው መተርጎም ይችላል። በአማርኛ የተጀመረ አልነበረም። በአንድ የእረፍት ሳምንት ቁጭ ብዬ ሦስት መቶ የሚሆን ቃል ተረጎምኩ፤ ድልድይ፣ ጉድጓድ፣ አጥር፣ መቃብር፣ ወፍጮ ቤት። የሚያርመኝ አልነበረም፣ እኔም የሚያርመኝ አልፈለግኩም። ከቃሎቹ አንዱ ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ነበር። ሌላው እግረኛ አስፋልት የሚሻገርበት ነበር። ሁለቱንም "መሻገሪያ" ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ለሁለተኛው "ማቋረጫ" የሚል ቃል እንዳለ አላጣሁትም። በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፣ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። አልወደድኩትም። ማቋረጥ እኮ መተው ነው፤ ተማሪ ትምህርት ያቋርጣል፣ ሰው ወሬ ያቋርጣል። እግረኛ ምኑን ነው የሚያቋርጠው? እኛ እንሻገራለን፣ ማዶ እንደርሳለን አልኩ። የቢሮ ቃል ነው ብዬ ናቅኩት። ሁለቱ ነገሮች በእኔ አፍ አንድ ነበሩ፣ በእህቴም አፍ፣ በሰፈሬም አፍ። ማሽኑ ግን የእኛን አፍ አያውቅም።

ስልኩ ላይ "መሻገሪያ" ብለህ ስትጽፍ ሁለት መሻገሪያ ይመጣልሃል። ስማቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ጎናቸው ያለች የምስር ፍሬ የምታክል ሥዕል ናት። ከላይ የሚመጣው የወንዙ ነው። እኔም ባልደረቦቼም የላይኛውን ነካን። አስፋልቱ ላይ ያሉትን አሥራ አንድ መልካዎች፣ የእህቴንም ጨምሮ፣ በሙሉ የወንዝ መሻገሪያ አድርገን አስገባናቸው። እያንዳንዳቸውን ስንነካቸው ስልኩ በአማርኛ "መሻገሪያ" ይለናል። ታዲያ ምኑን እንጠርጥር?

በዚያ ካርታ ላይ የሌላውን ስህተት እየፈለጉ የሚያርሙ ሰዎች አሉ። አንዱ ከመጀመሪያው ይከታተለኝ ነበር። የት አገር እንዳለ አላውቅም፤ ስሙም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነበር። አንድ ጊዜ፣ በሁለት ቤቶች አጥር መካከል ያስገባሁት መንገድ በሳተላይት ምስል እንደማይታይ ጠቅሶ በእርግጥ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጨዋ ቋንቋ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ስድብ አደረግኩት። ልጅ ሆኜ እህቴ ቀበቶ ይዛ ስታባርረኝ የማመልጥበትን መንገድ፣ ሰማይ ላይ ተቀምጦ አለ ወይ ይለኛል? "አሁን ሄጄበት መጣሁ" ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ የእሱን መልእክት መክፈት ተውኩ። መልእክት መምጣቱን የምታሳየውን ቀይ ነጥብ ባየሁ ቁጥር "ይሄ ሰውዬ!" ብዬ አልፋታለሁ።

ወሩን አላስታውስም፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። መሃሉ ላይ የሲሚንቶ አካፋይ ይቆማል፤ የሚከንፈው መኪና ወዲህ እንዳይዘል ነው ተባለ። ሰዉ ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። እግረኛ የሚያልፍበት ክፍተት የሚተወው ሰው በሚሻገርበት ቦታ ላይ ብቻ ነበር። ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከተማውን የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ "የመንገድ ነገር ከሆነ ያንን መምህር ጠይቀው" አሉት። ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፣ ቆቡን አውልቆ ነው የጨበጠኝ።

"ጋሼ፣ ሰዉ የት የት እንደሚሻገር አብረን ዞር ዞር ብለን ብናይ ብዬ ነበር።"

ሳቅኩበት። "ምን ያደክመናል? ሁሉም ካርታው ላይ አለልህ። አንዲት መልካ አልቀረችም። ማውረድ ብቻ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በገዛ እጄ የሠራሁትን!"

አመስግኖኝ ሄደ። አብረን ብንዞር ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ያን ግማሽ ቀን ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደዞርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከመነኻሪያው እንነሳለን፣ በግራ በኩል እንሄዳለን፣ እያንዳንዱ መልካ ላይ አቆመዋለሁ፣ "ይኸው እዚህ" እለዋለሁ። እህቴ ጋ ስንደርስ ጉልቷ ላይ ሆና ቲማቲም ትጋብዘዋለች። ሁሉም ደህና ይሆናል።

ልጁ ካርታውን ሲያወርድ አሥራ አንዱ መልካዎች አልነበሩም። ያ ስህተት አራሚ ሰውዬ ጠርጓቸው ነበር፤ ደረቅ አስፋልት ላይ የወንዝ መሻገሪያ ምን ይሠራል? የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ መነኻሪያው አጠገብና የከተማው መግቢያ ላይ ያሉት፤ ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ከምስል ላይ አይቶ ያስገባቸው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅኩም። አስተማሪ በክረምት ይማራል፤ ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። በጳጉሜ ተመልሼ ከሚኒባስ ስወርድ ሰፈሬ ፊት ለፊት ከወገብ ከፍ የሚል ግንብ ቆሟል። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ፤ ክፍተት የለውም። ከዚህ ወገን ያለች ሴት ከዚያ ወገን ላለችው እየጮኸች ጨው ግዢልኝ ትላለች። ልጆች በሆዳቸው እየተሳቡ ይዘሉታል። ሻንጣዬን ግንቡ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ቁጣ ነው። ያን መሐንዲስ ባገኘው አልኩ። አሳየሁት፣ ነገርኩት፣ ናቀን አልኩ።

ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ካርታውን ስከፍተው የእግር መንገዶቼ አሉ፤ ወርደው ወርደው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ፣ ከማዶ ሌሎቹ ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ ምንም የለም። ቀይዋ ነጥብ እዚያው ነበረች። ከፈትኳት። ሦስት መልእክት ነበር። በመጀመሪያው፣ ወንዝ በሌለበት የወንዝ መሻገሪያ ማስገባቴን ጠቅሶ "ምናልባት ለእግረኞች ለማለት ፈልገህ ይሆን?" ይለኛል። በሁለተኛው "አልመለስክልኝም፤ ቦታውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ያለ አንተ መንካት አልፈለግኩም" ይለኛል። በሦስተኛው ሁለት ወር እንደጠበቀኝ ገልጾ፣ ስህተት ሆኖ እንዳይቀር እንዳጠፋቸውና በፈለግኩ ጊዜ መመለስ እንደምችል ይነግረኛል።

ገምቶታል! ሰማይ ላይ ተቀምጦ ገምቶታል። እኔ መሬት ላይ ሆኜ አንድ መስመር መልስ ነፈግኩት። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብዙ ቆየሁ።

ከሰዓቱን እዚያው ተቀምጬ ሁሉንም አስተካከልኩ። ቃሉንም "ማቋረጫ" አልኩት፣ የናቅኩትን ቃል። አሥራ አንዱንም መለስኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ የሥራው ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ፤ ያ ወጣት ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ነበር። አዲሱ ሰው በትዕግሥት ሰማኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ። ሥራው ተጠናቆ ተረክበናል፣ ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ስጽፍ ጸሐፊዋ ሳታነበው የት እንደምታስቀምጠው አውቃ ነበር።

ያ ካርታ ደግሞ ሕግ አለው፤ መሬት ላይ የሌለ ነገር አይገባበትም። መልካዎቹ መሬት ላይ አልነበሩም። ግንብ እያለ መሻገሪያ አለ ማለት ውሸት ነው፣ እኔም በውሸታምነት ነበር ካርታውን የከሰስኩት። አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። የእህቴን መልካ መጨረሻ አደረግኩት። ስልኩን ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ አጠፋሁት።

እህቴ መጀመሪያ ላይ አልተሸነፈችም። "መልካው ጥርስ አበቀለ" ብላ ስቃ ነበር። ምርኩዟን ወዲያ ማዶ ትወረውራለች፣ ሁለት ጎረምሶች በብብቷ ገብተው እንደ ጆንያ ያነሷታል፣ ከማዶ ሌሎች ይቀበሏታል። ባዕድ ወንድ ነክቷት የማያውቅ ሴት ናት። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሻገረው። "በባጃጅ ዙሪ እትዬ" አልኳት። ባጃጁ ግን መነኻሪያው ድረስ ወርዶ ነው የሚዞረው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የእኛን አቀበት የሚወጣ ባጃጅ በቀላሉ አይገኝም። ትንሽ ሞከረችው፣ ገበያው ከተነሳ በኋላ እየደረሰች ተመለሰች።

አንድ የገበያ ቀን ሲያነሷት ቀሚሷ ከግንቡ ላይ ብቅ ያለ ብረት ያዘው። ከጉልበቷ በላይ ተገለበ። ዕድሜዋን ሙሉ የሸፈነችው ያ ቀጭን እግር በገበያው ሁሉ ፊት ወጣ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ፊቱን አዞረላት። እሱ ነው የገደላት፤ ሳቅ ቢሆን መልስ አታጣለትም ነበር። የዚያን ቀን ሽንኩርቷን እዚያው ትታ ተመለሰች። ሁለተኛ አልሄደችም።

ጉልቷን ሌላ ሴት ያዘችው። "አላህ ያግዛት" አለች እህቴ። ደጃፏ ላይ ጥቂት ሽንኩርት ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ሰፈሩ ግን ሽንኩርት ከማዶ ገዝቶ ነው የሚመለሰው። ሰዎች "እንዴት ዋልሽ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ" ብለዋት ያልፋሉ። የሚቀመጥ የለም። ሰው የሚቀመጠው ገበያ ነዋ። የዞኑን ወሬ ሁሉ ትነግረኝ የነበረች ሴት፣ ስመጣ "ከማዶ ምን አለ?" ብላ ትጠይቀኝ ጀመር። የምነግራት አጣለሁ፤ እኔ ወሬ አላውቅበትም። ትንሽ ጠብቃ ፊቷን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። ክብደቷ ቀነሰ፣ ድምጿ ቀነሰ። አንድ ቀን ቆጠርኩት፤ ቤቷ ባሳለፍኩት ሁለት ሰዓት ውስጥ የተናገረችው አሥር ቃል አይሞላም።

ልነግራት ቆረጥኩ። ከመሐንዲሱ ጋር ያደረግኩትን፣ ያልከፈትኳትን ቀይ ነጥብ፣ የናቅኩትን ቃል፣ ሁሉንም። ስድቧን ፈልጌው ነበር። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ እንደምትሰድበኝ አድርጋ ብትሰድበኝ የሆነ ነገር የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስወጣ ቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ነበር። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ፣ አፌን አሟሸሁ። ቀደመችኝ።

"አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከረመ፤ ልንገርህና ይውጣልኝ" አለች።

"ምንድነው እትዬ?"

"ያ ግንብ ሳይቆም፣ አንተ ለትምህርትህ ሄደህ ሳለህ፣ መንገድ ሠሪዎቹ ሜትር ይዘው ገበያ መጡ። ጉልቴ ዘንድ ቆሙ። አንዱ፣ ሸጋ ልጅ ነው አላህ ያሳድገው፣ 'እናቴ፣ እናንተ በየት በኩል ነው የምትሻገሩት? ያሳዩኝ እስቲ' አለኝ። ቲማቲም እየመዘንኩ ነበር። መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር እኮ፣ ከተቀመጥኩበት ይታያል፤ በምርኩዜ ባመለክተው ይበቃው ነበር።"

ምርኩዟን አንስታ ወደ መንገዱ አመለከተች።

"ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? 'ምን ታደክመኛለህ፣ ወንድሜ ካርታ ላይ አድርጎታል፣ እዛው እይ' አልኩት። ኮርቼብህ ነው። የከበቡኝ ሴቶች ይስሙልኝ ብዬ ጮክ አድርጌ ነው ያልኩት። ልጁም 'እሺ እናቴ' ብሎ ሄደ።" ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። "አንተ ያን ያህል ዓመት ለፍተህ በወግ በወግ ጽፈኸው፣ እኔ አንድ ጣት ማንሳት ሰንፌ ሰፈሩን በግንብ አሳጠርኩት። ልፋትህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። የመጣሁበት ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ብነግራት የቀረቻትን አንዲት ኩራት እነጥቃታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ይሄ ሰበብ ነው፣ ያን ጊዜም ሰበብ መሆኑን አውቄዋለሁ። ፈርቻት ነው። እሷ በእኔ የኮራችበትን ዓይን አጥፍቼ፣ ያለ እሱ እንዴት እንደምታየኝ ለማየት ፈርቼ ነው።

"አፉ ብዬሻለሁ እትዬ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ እጄን ስባ ሳመችው። ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝ ናት፤ እጄን ስማኝ አታውቅም ነበር። እኔም አልከለከልኳትም።